532፦ ዐቢይ ቀመር

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ልጁን የሚድር ሰው የሠርጉን ቀን ከመቁረጡ በፊት «ጾሙ መቼ ይገባል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው፤ በ2019 ግን የካቲት 29። የሃያ ቀን ልዩነት ለደጋሹም፣ ቅቤና ዶሮ ይዞ ገበያ ለሚወጣውም ቀላል አይደለም። ይህን የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ ነው። የሒሳቡ ቁንጮ ደግሞ ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ነው።

532 ሲተነተን 4 × 7 × 19 ይሆናል። 4ቱ ወንጌላውያን የሚፈራረቁባቸው ዘመናት፣ 7ቱ የሳምንቱ ዕለታት፣ 19ኙ የፀሐይና የጨረቃ ሒሳብ ዳግም የሚገጥምበት ንዑስ ቀመር ነው። ሦስቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ የቁጥሩ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጨረቃ በ19 ፈንታ በ20 ዓመት ብትመለስ ኖሮ፣ 20 እና 28 (4 × 7) ሁለቱም ለ4 ስለሚካፈሉ ዑደቱ በ140 ዓመት ያልቅ ነበር። 19 ግን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ28 ጋር የሚጋራው የለም። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት 532 ዓመት ሲሞላ ብቻ ነው።

አሠራሩን በ2018 እንየው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም፤ 11 እና 19 ራሳቸው ድምራቸው 30 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 25 ይሆንና ነነዌ ጥር 25፣ ሰኞ ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። እንዲህ ያለውን ስሌት በቃላቸው የሚያወርዱ መሪጌቶች አሉን፤ ትልቅ ሀብት ነው።

7518 ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። 2018 እንግዲህ የ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ነው። 532 ዓመት ወደ ኋላ ቢኬድ 1486 ዓ.ም. ይገኛል፦ በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ ያውም ዘመነ ማርቆስ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ቁጥሩን ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። ቪክቶሪዩስ የተባለው ሊቅ በ457 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ሠንጠረዡን በ532 ዓመት ዑደት ሠርቷል። ስካሊገር በ1583 እ.ኤ.አ. በ15 አባዝቶት 7980 ያደረገው ዘመን ዛሬም በሥነ ፈለክ ያገለግላል። ምዕራባውያን ግን ከ1582ቱ የጎርጎርዮስ ማሻሻያ ወዲህ የፋሲካቸውን ሒሳብ ለውጠዋል፤ እኛ ጋ ሒሳቡ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

በየትምህርት ቤቱ ትንሹን የጋራ ብዜት የምታስተምሩ መምህራን፣ ሌላ ምሳሌ ከመፈለጋችሁ በፊት 4ን፣ 7ን እና 19ን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ የ2019ን ፋሲካም ተማሪዎቻችሁ ራሳቸው ያውጡት። ሚያዝያ 24 ላይ ከደረሱ ልክ ናቸው።