የውሃ ኤሊና የመስተዋት ገንዳዋ

ኤሊ በምድር ላይ ረጅም ዘመን ከኖሩት የእንስሳት ወገኖች አንዷ ናት። በዓለት ውስጥ ተቀብረው የተገኙ ቅሪቶች እንደሚያስረዱት፣ የኤሊ ወገን ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሯል። ግዙፎቹ ዳይኖሰሮች ሲጠፉ ኤሊ ግን ቅርፊቷን ተሸክማ እስከ ዛሬ ዘልቃለች። ይህ ቅርፊት አንዳንድ ሰዎች እንደሚያስቡት እንስሳዋ የምትገባበትና የምትወጣበት ቤት አይደለም። ከጀርባ አጥንቷና ከጎድን አጥንቶቿ ጋር የተዋሐደ የገላዋ ክፍል ነው። ስለዚህ ኤሊ ከቅርፊቷ ልትወጣ አትችልም፤ ቅርፊቷ ሲጎዳም የምትጎዳው እርሷው ራሷ ናት።

ኤሊዎች እንደ አኗኗራቸው የየብስና የውሃ ተብለው ሊከፈሉ ይችላሉ። የየብስ ኤሊ እግሯ እንደ ዝሆን እግር ደንዳና ስለሆነ ለመዋኘት አልተፈጠረችም። በኢትዮጵያና በሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ደረቅ ስፍራዎች የምትገኘው፣ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረው ኤሊ ከዚህ ወገን ናት። የውሃ ኤሊ ግን ጣቶቿ በስስ ቆዳ የተያያዙ በመሆናቸው እግሯ እንደ መቅዘፊያ ያገለግላታል። የየብስን ኤሊ ጥልቅ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ማኖር ማስጠም ማለት ነው። በአንጻሩም የውሃን ኤሊ በደረቅ ሣጥን ማኖር ቀስ በቀስ መግደል ነው። ስለዚህ ኤሊን በቤቱ ለማኖር የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የትኛዋ ወገን እንደሆነች ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

በብዙ አገሮች በሰው ቤት የምትኖረው የውሃ ኤሊ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናት። ከዓይኗ ጀርባ ባለው ቀይ መስመር ምክንያት «ቀይ ጆሮ ኤሊ» ትባላለች። የትውልድ ስፍራዋ በሰሜን አሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ የሚፈሱበት አገር ነው። ከእንቁላሏ ስትወጣ የቅርፊቷ ርዝመት 3 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በሕፃን መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ብዙ ገዢዎችን የሚያታልለውም ይህ ትንሽነቷ ነው። ገዢው ከአንዲት ትንሽ የመስተዋት ሳህን ጋር ወደ ቤቱ ይወስዳታል፤ ለዘለዓለም እንደዚያው ሆና የምትቀር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሴቷ አድጋ 25 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ትደርሳለች። በመልካም ሁኔታ ከተያዘች 30 ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። በሰው ቤት የሚኖሩ ኤሊዎች ለበሽታ የሚዳረጉት አብዛኛውን ጊዜ በመኖሪያ ጥበት፣ በውሃ መቆሸሽና በብርሃን እጦት ነው። እነዚህ ሦስቱም መኖሪያው በሚገባ ሲሠራ የሚወገዱ ናቸው።

የገንዳው ስፋት የሚወሰነው ኤሊዋ ዛሬ ባላት መጠን ሳይሆን አድጋ በምትደርስበት መጠን ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት ስሌት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር የቅርፊት ርዝመት 40 ሊትር ያህል ውሃ እንዲኖር ያዛል። በዚህም መሠረት ቅርፊቷ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ኤሊ 400 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋታል። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱም 60 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ ለዚህ ይበቃል። ይህ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 540 ሊትር ይይዛል። ውሃው 45 ሴንቲሜትር ላይ እንዲቆም ቢደረግ ግን 405 ሊትር ይሆናል፤ ከላይ የሚቀረው 15 ሴንቲሜትር ኤሊዋ እንዳትወጣ እንደ አጥር ያገለግላል።

ገንዳውን የሚሠራው ባለሙያ ለዚህ ጥልቀት 12 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው መስተዋት ይመርጣል። ውሃ በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከጥልቀቱ ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ስስ መስተዋት ከታች በኩል ሊሰነጠቅ ይችላል። መስተዋቶቹ የሚያያዙበት ሲሊኮን ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት፤ መድኃኒቱ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ እንስሳዋን ይጎዳልና። ሲሊኮኑ በሚገባ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል ከተጠበቀ በኋላ ገንዳው ከቤት ውጭ ውሃ ተሞልቶ ለሁለት ቀን ይፈተሻል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ሳይፈተሽ ወደ ቤት የገባ ገንዳ አንድ ሌሊት አፍስሶ ወለሉንና ዕቃውን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል።

ቀጥሎ የሚታሰበው ገንዳው የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንግዲህ የውሃውና የመስተዋቱ ክብደት ሲደመር ከ500 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ይህም አምስት ኩንታል እህል በአንድ ስፍራ ከመደርደር ጋር እኩል ነው። ተራ ጠረጴዛ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ከወፍራም ጣውላ ወይም ከብረት የተሠራ ጠንካራ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። ማስቀመጫው በውሃ ልክ ተለክቶ ፍጹም ሜዳ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ያዘነበለ እንደሆነ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን አድልቶ መስተዋቱን ይሰብረዋል። በገንዳውና በማስቀመጫው መካከል ስስ ስፖንጅ ማንጠፍም ይረዳል። ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ግን መልካም አይደለም፤ ውሃው ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ አረንጓዴ አልጌም ያበቅላል።

የውሃ ኤሊ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው፤ እንደ ዓሣ ስንጥብ የላትም። ስለዚህ በዋኘች ቁጥር ወደ ላይ እየወጣች አየር መሳብ አለባት። ከዚህም ሌላ በየቀኑ ከውሃው ፈጽማ ወጥታ ገላዋንና ቅርፊቷን የምታደርቅበት መደብ ያስፈልጋታል። መደቡ ኤሊዋን የሚሸከም ጽኑ፣ በቀላሉ የምትወጣበት ዳገትም ያለው መሆን ይገባዋል። ከሥሩ ገብታ የምትወተፍበት ጠባብ ክፍተት እንዳይኖር መጠንቀቅ ያሻል፤ ኤሊም ብትሆን መውጫ ካጣች ትሰምጣለች። መደቡ ወደ ገንዳው አፍ ስለሚቀርብ ከላይ በሽቦ ወንፊት መክደን ተገቢ ነው። በገንዳው ወለል ላይ ትናንሽ ጠጠሮች መበተን አይገባም። ኤሊዋ ትውጣቸውና አንጀቷ ይዘጋል። ድንጋይ ካስፈለገ ከራሷ የሚበልጥ ድንጋይ ይመረጣል።

የገንዳው ውሃ ንጽሕና የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ኤሊ በምትበላበት ውሃ ውስጥ ስለምትጸዳዳ ውሃውን ከዓሣ ይልቅ ፈጥና ታቆሽሻለች። ከዓይነ ምድሯና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር ይወጣል። በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራቸውን በሙሉ እስኪጀምሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃውን አዘውትሮ መቀየር ያስፈልጋል። ለኤሊ ገንዳ የሚመረጠው ማጣሪያ የውሃው መጠን ከሚጠይቀው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ያለው ነው።

ማጣሪያ ቢኖርም የውሃው ሩብ ያህል፣ ካስፈለገም እስከ ግማሽ ድረስ፣ በየሳምንቱ መቀየር አለበት። የድሮውን ውሃ በላስቲክ ቱቦ ወደ ባልዲ ማውረድ ይቻላል፤ ቱቦውን በአፍ መሳብ ግን ለበሽታ ያጋልጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ስለዚህ ክሎሪኑን በሚያከሽፍ መድኃኒት ሳይታከም ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። የማጣሪያው ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በወጣው ውሃ ይታጠባል። እንዲያ ካልሆነ በሳምንታት የተራቡት ባክቴሪያዎች በአንድ ደቂቃ ይጠፋሉ።

የኤሊ የገላዋ ሙቀት እንደ አካባቢው ሙቀት ይለዋወጣል። ውሃው ከቀዘቀዘ ምግቧ አይፈጭላትም፤ ትደክማለች፣ ሳንባዋም ይታመማል። ላደገች ቀይ ጆሮ ኤሊ የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የመደቡ ሙቀት ደግሞ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል። እንደ አዲስ አበባና ናይሮቢ ባሉ ደጋማ ከተሞች ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የውሃ ማሞቂያ ግድ ነው። እንደ ጅቡቲና ሞምባሳ ባሉ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ከተሞች ግን ላያስፈልግ ይችላል። ያም ሆነ ይህ በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር መለካት ይሻላል። ማሞቂያው ከመስተዋት የተሠራ ከሆነ ኤሊዋ መትታ እንዳትሰብረው መከለያ ይደረግለታል።

ከመደቡ በላይ ሁለት ዓይነት አምፖል ይሰቀላል። አንደኛው ሙቀት ይሰጣል። ሁለተኛው አልትራቫዮሌት የሚባለውን የማይታይ ጨረር ይሰጣል። ኤሊ በዚህ ጨረር አማካይነት በቆዳዋ ውስጥ ቫይታሚን ዲ ታዘጋጃለች፤ በቫይታሚኑም አማካይነት ከምግቧ ካልሲየም ታገኛለች። ካልሲየም ያጣች ኤሊ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ይጣመማልም። በመስኮት የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ይህን ጉድለት አያሟላም፤ የመስኮት መስተዋት የሚፈለገውን ጨረር ያግደዋልና። አምፖሎቹ በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት በርተው ሌሊት ይጠፋሉ። የአልትራቫዮሌቱ አምፖል ብርሃኑ ቢታይም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ ሠሪው በወሰነው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ፣ ይለወጣል።

ኤሌክትሪክና ውሃ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ስፍራ ጥንቃቄ ግዴታ ነው። እጅን ወደ ገንዳው ከማስገባት በፊት ስፒናዎቹ ሁሉ ይነቀላሉ። እያንዳንዱ ሽቦ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲመለስ ተደርጎ ይዘረጋል። እንዲህ ከሆነ በሽቦው ላይ የሚወርደው የውሃ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

ቀይ ጆሮ ኤሊ ሥጋም ቅጠልም ትበላለች። ትንሿ ኤሊ ሥጋ ታበዛለች፤ እያደገች ስትሄድ ቅጠል መብላት ትጀምራለች። ለእርሷ የተዘጋጀ ፍሬ ምግብ፣ የመሬት ትል፣ ትንሽ ዓሣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይስማሟታል። ትንሿ በየቀኑ፣ ያደገችው ግን በየሁለት ቀኑ ብትመገብ ይበቃታል። የምትውጠው በውሃ ውስጥ ስለሆነ ምግቧ በደረቅ ስፍራ አይቀመጥላትም።

ኤሊ ጤናማ መስላ እየታየች እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። ባክቴሪያው በሰው ላይ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት ያስከትላል። ሕፃናት ትናንሽ ኤሊዎችን ወደ አፋቸው እያስገቡ በመታመማቸው፣ የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለማኖሪያ እንዳይሸጡ ከልክሏል። ስለዚህ ኤሊዋን ወይም ውሃዋን የነካ ሰው ወዲያውኑ እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። የገንዳው ዕቃ ምግብ በሚዘጋጅበት ስፍራ አይታጠብም፤ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም ኤሊዋን እንዲነኩ አይፈቀድም።

ብዙ ሰዎች ኤሊዋ አድጋ ሥራዋ ሲበዛባቸው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ወስደው ይለቋታል፤ ነጻነት የሰጧት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይህ ለእርሷም ለአገሩም ጉዳት ነው። ወደ ባዕድ ውሃ የገባች ቀይ ጆሮ ኤሊ ከተረፈች የአገሩን ኤሊዎች ምግብና የፀሐይ መሞቂያ ትሻማለች፤ በሽታም ልታዛምት ትችላለች። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ ብርቱ ጉዳት ካደረሱት 100 ወራሪ ፍጥረታት መዝገብ ውስጥ ገብታለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ አገሮቹ እንዳትገባ ከልክሏል፤ ጃፓንም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ መሸጧንና ወደ ተፈጥሮ መለቀቋን በሕግ አግዳለች። በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖሩ የየአገሩ የውሃ ኤሊዎችም ይህን የመሰለ ተሻሚ እንዳይመጣባቸው መጠበቅ ይገባል። እነርሱንም ቢሆን ከመኖሪያቸው አውጥቶ ወደ ቤት ማምጣት ተገቢ አይደለም።

እንግዲህ አንድ የ15 ዓመት ወጣት ዛሬ ትንሽ ኤሊ ቢረከብ፣ እርሱ 45 ዓመት ሲሞላው ኤሊዋ ገና በገንዳዋ ውስጥ ልትኖር እንደምትችል ማሰብ አለበት። ያን ያህል ዘመን ውሃዋን የሚቀይር፣ አምፖሏን የሚለውጥና ቤት በሚዛወርበት ጊዜ አምስት ኩንታል የሚመዝነውን ገንዳ ባዶ አድርጎ እንደገና የሚተክል ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል። ይህን መመለስ የማይችል ሰው ኤሊን ባያመጣ ይሻላል። መመለስ የሚችል ግን በመጀመሪያ ገንዳውን ይሥራ፣ ውሃውን ያዘጋጅ፤ ኤሊዋን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው።