ልኩ የተወሰደው ከእማማ ጉልበት ነው

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ከብየዳ ቤቴ ፊት ቆመ። የምሠራው ላሊበላ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ «መርገጫ ሥራልኝ ወንድሜ፤ እንደ ድሮው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ቀጥ ብሎ የሚሄድ» አለኝ። ከጎኑ እናቱ ተቀምጠዋል። እሳቸውን ለማውረድ እኔ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ብብታቸውን መደገፍ ነበረብን። ወርደው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ፊታቸውን ከእኛ አዞሩ። ከመሬት እስከ ካቢናው ወለል ስለካው 68 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

«መርገጫውን የሚረግጠው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መኪናው ነዋ የሚፈልገው» አለኝ።

ላንድሮቨር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቅ መርገጫ ይዞ አልተወለደም። እንዲያ ያለ ረጅም መርገጫ የነበራቸው እ.ኤ.አ. በ1908 እንደ ወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ ያሉት የጥንት መኪኖች ናቸው። አካላቸው ጠባብ ስለነበር በጭቃ መከላከያዎቹ መካከል ለእግር የሚሆን ቦታ ይተርፍ ነበር። ኋላ አካሉ እየሰፋ ሲሄድ መርገጫውን ዋጠው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ መነሻው የጦር ሜዳው ጂፕ ነበርና ከሆዱ ሥር ድንጋይ የሚገጭ ነገር እንዳይኖረው ተደርጎ ተሠራ። ስለዚህ እኔ የምመልሰው የጠፋ ነገር አልነበረም። ከውጭ አምጥቼ የምጨምረው ነው፤ ያም ጥንቃቄዬን እጥፍ አደረገው።

በ2000 ዓ.ም. ከከተማችን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በላይ የቆሙትን የብረት መጠለያዎች በየቀኑ አያቸዋለሁ። ጊዜያዊ ተብለው ነበር የተተከሉት፤ ዛሬም እንዴት ይነሡ የሚለው ያከራክራል። እኔ የምሰቅለው ብረት ሁለት ሰው የሚሸከመው ቢሆንም፣ በአሮጌ ነገር ላይ የምጨምረውን ሁሉ በቁልፍ እንዲፈታ አድርጌ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ገብቼ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ አንኳኳሁ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ድምፁ ይታፈናል። የላንድሮቨር ሻንሲ ዙሪያው የተዘጋ ሣጥን ነውና ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ላዩ ቀለሙን እንደ ያዘ ውስጡ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ለሌላ ፒክአፕ መርገጫ ስሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ወስጄ ሁለቱንም ጫፍ በይጄ ደፈንኩት። ውኃ አይገባም ብዬ ነበር። በብየዳው ላይ ከመርፌ ቀዳዳ ያልበለጠ ክፍተት ቀርቶ ኖሮ ውኃው ገባ፤ መውጫ ግን አጣ። በሁለተኛው ክረምት ማግስት አንድ የእህል ነጋዴ ሲረግጠው እግሩ ሰጥሞ ገባ፤ ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን ላጠው። ቁስሉን ሳጥብለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነአኩቶ ለአብ የሄደ ሰው ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል በትዕግሥት የሚቀበሉትን የድንጋይ ገበታዎች ያውቃል፤ የእነሱ ክብር ውኃውን መያዛቸው ነው። የእኔ ብረት ግን ውኃ ከያዘ ሰው ይጎዳል። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ቱቦላሬ ሁሉ ከሥሩ የ8 ሚሊ ቀዳዳ አለው።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። የቆረጥኳቸውን የባሕር ዛፍ ጉማጆች ደራርቤ «እማማ፣ እስቲ እግርዎን እዚህ ያሳርፉ» አልኳቸው። በ45 ሴንቲ ሜትር ጉልበታቸው እምቢ አለ። በ40 የበሩን ጫፍ ይዘው ጀመሩና ተመለሱ። በ36 ራሳቸው ወጡ። «ይቺ ትሁን ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ ወርደው ደግመው ወጡ። ማንም ደግሙ አላላቸውም።

ልጁ ተቃወመ። «36 ከሆነማ የመጀመሪያው ድንጋይ ይገነጥለዋል» አለ፤ የተናገረውም እውነት ነበር። ሲጫን ባሌስትራው ተኝቶ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የላስታ መንገድ ደግሞ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ መሃሉ ጎባጣ ነው። ነገር ግን ጎባጣ መሬት የመኪናን ሆድ በብዛት የሚነካው በሁለቱ ጎማዎች እኩሌታ ላይ ነው። ይህ መኪና 109 የሚባለው ረጅሙ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው ርቀት በኢንች ሲሆን 2 ሜትር ከ77 ይሆናል። በሩ ያለው ከፊት ጎማ በስተኋላ፣ እዚያው አጠገብ ነው። ጎማ በወጣበት መሬት ላይ አጠገቡ ያለው መርገጫ አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ በቀኝ በኩል፣ ከእማማ በር ሥር ያለውን 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ዝቅ አድርጌ፣ የቀረውን ወደ ላይ መልሼ በ46 እስከ ኋላ ጎማ ወሰድኩት። ወደ ካሶኒው የሚወጡ ወጣቶች 46 አይከብዳቸውም። በሹፌሩ በኩል ግን ቀጥ ያለውን ሰጠሁት።

«ግራና ቀኙ እኮ እኩል አይደለም!» አለ፤ አዝኖ ነበር። ገባኝ። መኪናውን ይወዳል፤ ውበት ለእሱ መስመር ነው። እኔ ግን ዝቅ ባለው ቦታ ላይ አልደራደርም አልኩት።

ስለ አያያዙም ትንሽ ልበል፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። የላንድሮቨር አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይሰጥ ስለነበር ነው በአሉሚኒየም የሠሩት። መርገጫን በዚህ አካል ላይ ያሠረ ሰው ሁለት ነገር ያጠፋል። ስሱ ላሜራ ክብደቱን አይችልም፤ ደግሞም ብረትና አሉሚኒየም በእርጥብ ጭቃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ክብደቱን መሸከም ያለበት ሻንሲው ነው፤ ከአካሉ ጋር በሚቀራረብበት ቦታ ሁሉ የአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ጣልቃ አገባሁ። በሻንሲው ላይም አልበየድኩም፤ የነዳጁ ታንከር ከፊት ወንበር ሥር ነውና እዚያ አጠገብ የብየዳ ብልጭታ አላስነሣም። በዩ ቅርጽ በተጠመዘዘ ብሎን ሻንሲውን አቅፌ በዳዶና በሮንዴላ አጠበቅኩት። በብሎን ማመንን ያስተማረኝ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ነው። ከተማችን መብራት ባጣችበት ረጅም ጊዜ የብየዳ ማሽኑ አቧራ ለብሶ ሲቀመጥ፣ በሴጌቶና በእጅ መሰርሰሪያ ነበር የምሠራው።

ላሜራ፣ ካቢና፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሴጌቶ፤ መኪናው እንግሊዛዊ ሆኖ እነዚህን የምንጠራበት ቃል ሁሉ ጣልያንኛ ነው። መርገጫ ግን የእኛው ቃል ነው።

በየጎኑ ሦስት ክንድ ሰቀልኩ። መርገጫው ከሻንሲው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ ሦስት ሰው ቢቆምበት ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋው ክብደት ክንዱን ወደ ታች ይጠመዝዘዋል፤ መኪናው ሲዘል ደግሞ ክብደቱ ይብሳል። ከእያንዳንዱ ክንድ ሥር ወደ ሻንሲው ታችኛው ጠርዝ የሚመለስ ሰያፍ ድጋፍ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ሰው በመርገጫ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲሄድ አልፈልግም፤ መያዣ ብረት ጨምርልኝ ያለኝንም እምቢ አልኩት። ነገር ግን በገበያ ቀን እንደሚንጠለጠሉ አውቃለሁና ለእነሱም አሰብኩ።

ፊቱን ጉጥ ጉጥ ባለው 3 ሚሊ ላሜራ አለበስኩት። ያ ላሜራ ብቻውን ጭቃ ሲጠጣ ያንሸራትታል። ስለዚህ የ16 ሚሊ ቀዳዳዎችን በረድፍ በስቼ ጭቃው ወደ ታች እንዲወርድ አደረግሁ። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝ በሞረድ አለሰለስኩ። ቀሚስና ነጠላ ይዞ ሰው የሚጥል ሹል ጠርዝ ማስቀረት ከብየዳው የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ፤ አንድ ሙሉ ቀን። በጣቴ ሁሉንም ዳሰስኳቸው። ከዚያ ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ ላዩን ጥቁር ቀለም።

ባለ መኪናውን ኅዳር ላይ ተመልሰህ ና፣ ብሎኖቹ ከመጀመሪያው ሻካራ መንገድ በኋላ ይላላሉ ብዬው ነበር። የመጣው ኅዳር 3 ከሰዓት በኋላ፣ ከነአኩቶ ለአብ ክብረ በዓል ሲመለስ ነው። መኪናው ገና ከመቆሙ የቀኙ በር ተከፈተ። ልጁ ዞሮ ሳይደርስላቸው እማማ ወርደው፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ጸበሉን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸውና ቁልፌን ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁ። አምስቱ ክንዶች እንደ ነበሩ ናቸው። በግራ በኩል የመጨረሻው ላይ ያለው አንድ ዳዶ ሩብ ዙር ላልቶ ነበር፤ አጠበቅኩት።