የሞተር ብስክሌትዎ ደኅንነት የቤተሰብዎ ደኅንነት ነው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው አስፋልት ሞተር ብስክሌትን ብዙም አያስቸግርም። ተገንጥለው ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገቡ ግን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይጠብቅዎታል። የግብርና ባለሙያም ሆኑ የጤና ሠራተኛ፣ ወይም ባለቤትዎ በሞተር የሚመላለሱ ከሆነ፣ የጥቂት ደቂቃ የጠዋት ምርመራ ቤተሰብን ከሐዘን ያድናል። «የወንድ ሥራ ነው» የሚባለውን ይተዉት።

በመጀመሪያ ፍሬኖቹን ይሞክሩ። የፊቱ በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር ይያዛል። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ እርጥብ ፍሬን በደንብ ስለማይዝ፣ በዝግታ እየነዱ ደጋግመው በመያዝ ያድርቁት።

ቀጥሎ ካቴናውን መካከሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል መላላት ይኖርበታል። በጣም ከላላ ይወልቃል፤ በጣም ከጠበቀም ቶሎ ያልቃል። ዘይቱን ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ይመልከቱ። የአየር ማጣሪያውን በአቧራ ወራት ቶሎ ቶሎ ያጽዱ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የኋላው ሞላ ነው። ሰው ወይም ጭነት ሲያፈናጥጡ ሞላው ይጨመቃል፤ የፊቱ ጎማ ስለሚቀልም መሪው እንደ ልብ አይታዘዝም። ስለዚህ ማስተካከያ ቀለበቱን በቁልፍ አዙረው ያጠንክሩት፤ የግራውና የቀኙ እኩል እርከን ላይ ይሁኑ። ብቻዎን ሲመለሱ ወደነበረበት ይመልሱት።

ሦስት ሆኖ መፈናጠጥን፣ ሕፃንን በመካከል ማስቀመጥን ግን የትኛውም ሞላ አያስተካክለውም።