ኤርሁ ወይስ «የቻይና ማሲንቆ»? ስለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ስያሜና አፈታት

የቻይና ሙዚቀኞች ወደ ሌላ አገር ተጉዘው ኤርሁ የተባለውን ባለ ሁለት ክር መሣሪያቸውን ለማሰማት ወደ መድረክ በሚወጡበት ጊዜ፣ ለታዳሚው በሚታደለው ወረቀት ላይ ስለ መሣሪያው የሚሰጠው መግለጫ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቃል አያልፍም፤ «የቻይና ቫዮሊን» ይባላል። መግለጫው አጭር በመሆኑ ለጊዜው የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን አድማጩ የቫዮሊንን መለኪያ በጆሮው ይዞ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ሁሉ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚደረገውን መንሸራተት፣ በአፍንጫ እንደሚወጣ ያለውን የድምፁን ቀለም፣ የመሣሪያው ጠባይ መሆኑን ትቶ የቫዮሊን ጉድለት አድርጎ ይቈጥረዋል።

እኛም በአማርኛ ስለዚህ መሣሪያ ለመጻፍ ስንነሣ ተመሳሳይ ፈተና ይገጥመናል። የእኛ ፈተና «የቻይና ማሲንቆ» የሚለው ነው። ይህን ስያሜ የሚደግፉ ሰዎች መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። አንባቢው ማሲንቆን ያውቃል፤ ያልታወቀውን በታወቀው መፍታት ደግሞ የመዝገበ ቃላት ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመወሰናችን በፊት መሣሪያውን ራሱን፣ ስሙንና ወደ ዓለም የተጓዘበትን መንገድ መመልከት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኤርሁ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቀጭን የእንጨት ዘንግና በዘንጉ ግርጌ የተሰካ ትንሽ ባዶ ሣጥን አለው። ሣጥኑ ስድስት ወይም ስምንት ማዕዘን ያለው ወይም ክብ ሊሆን ይችላል፤ የፊቱ አፍ በዘንዶ ቆዳ የተለጠጠ፣ የኋላው ክፍት ወይም በተፈለፈለ እንጨት የተከለለ ነው። ሁለቱ ክሮች በጥንት ጊዜ ከሐር ይገመዱ ነበር፤ ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ብረት ተተክቷል። ክሮቹ ሲቃኙ በመካከላቸው የአምስት ድምፅ ርቀት ይኖራል። ተጫዋቹ ተቀምጦ ሣጥኑን በግራ ጭኑ ላይ ያቆመዋል። ከሁሉም በላይ ልዩ የሚያደርገው ደጋኑ ነው። የደጋኑ የፈረስ ጭራ በሁለቱ ክሮች መካከል ስለሚያልፍ ደጋኑን ከመሣሪያው ለይቶ ማንሣት አይቻልም፤ ተጫዋቹ ጭራውን ወደ ውስጥ ሲያስጠጋ የውስጠኛው፣ ወደ ውጭ ሲያስጠጋ የውጭኛው ክር ይጮኻል። ከክሮቹ በታች ጣት የሚያርፍበት ገበታ የለም። ጣት ክሩን በአየር ላይ እንዳለ ይነካዋል፤ ጠበቅ አድርጎ ቢጫነው ድምፁ ከፍ ይላል፣ ቢለቀው ይወርዳል።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ኤርሁና ማሲንቆ በእርግጥ ይቀራረባሉ። በማሲንቆም ጣት ክሩን ከአንገቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ሁለቱም የሰውን ጕሮሮ ይመስላሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን የማሲንቆ ክር አንድ ነው፤ እርሱም ራሱ የፈረስ ጭራ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ልዩነት ማሲንቆ ከአዝማሪው ቃል የማይለይ መሆኑ ነው። ኤርሁ በዛሬው መድረክ ብቻውን ያለ ግጥም ይናገራል። ለአንባቢ «ማሲንቆ» ስንለው ግጥሙን እንዲጠብቅ አድርገነዋል ማለት ነው።

ወደ ስሙ እንለፍ። «ኤር» በቻይንኛ ሁለት ማለት ነው፤ የክሮቹን ቍጥር ያመለክታል። «ሁ» ደግሞ «ሁቺን» ከሚለው የቤተ ሰብ ስም የተወሰደ ነው። «ቺን» የክር መሣሪያ ሲሆን፣ «ሁ» የጥንት ቻይናውያን በሰሜንና በምዕራብ ድንበራቸው ማዶ ይኖሩ የነበሩትን ሕዝቦች የሚጠሩበት ቃል ነበር። ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ብዙ ነገሮች ይህን ቃል በራሳቸው ላይ ተሸክመው ቀርተዋል። ቁንዶ በርበሬ፣ ሰሊጥ፣ ካሮት በቻይንኛ ዛሬም በ«ሁ» የሚጀምር ስም አላቸው። እኛ ከባሕር ማዶ የመጣውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» እንዳልነው ማለት ነው። ዛፉ በየደጃፋችን ከበቀለ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስሙ መጤነቱን ይመሰክራል። ኤርሁም እንደዚሁ ነው። ዛሬ የቻይና መለያ ሆኖ ወደ ዓለም የሚላከው መሣሪያ በስሙ ውስጥ «ከውጭ ነው የመጣሁት» ይላል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጻፈ የሙዚቃ መጽሐፍ «ሺቺን» ስለሚባል ሁለት ክር ስላለው መሣሪያ ሲናገር፣ በክሮቹ መካከል በሚገባ የቀርከሃ ስንጥር ይጫወቱት እንደነበረ ይገልጻል። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሊቅ ሸን ኩዎ ደግሞ የፈረስ ጭራ ያለውን ሁቺን ይጠቅሳል። «የቻይና ማሲንቆ» ብንል ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድ ጊዜ ይደመሰሳል።

ሌላም ችግር አለ። የሁቺን ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ድምፁ ከፍ ያለው ጋኦሁ፣ መካከለኛው ጆንግሁ፣ ፊቱ በእንጨት የተከደነው ባንሁ፣ በቤጂንግ ኦፔራ ዘፋኙን የሚከተለው ትንሹና ሹል ድምፅ ያለው ጂንግሁ ይገኙበታል። ሁሉም «የቻይና ማሲንቆ» ከተባሉ በአንድ መድረክ ላይ አብረው ሲቀርቡ ተርጓሚው ምን ሊል ነው?

በፊደላችን ስለ መጻፍ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ በቤጂንግ ሰዎች አፍ ከ«ኤር» ይልቅ ወደ «አር» ያደላል። የውጭ ቃላት በመጡበት ቋንቋ አነጋገር ይጻፉ በሚለው ደንብ ከሄድን «አርሁ» ማለት ይገባን ነበር። ይሁን እንጂ «አር» በአማርኛችን ያለውን ፍች አንባቢ ስለሚያውቀው መዘርዘር አያስፈልገንም፤ የተከበረ የሙዚቃ መሣሪያ በዚህ ቃል እንዲጀምር ማድረግ ግን ከደንብ በላይ ደንበኛ መሆን ነው። ስለዚህ በላቲን ፊደል አጻጻፉ በኩል የመጣውን «ኤርሁ» መርጠናል። የቻይንኛን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ፊደላችን ስለማያሳይ ያን ትተነዋል።

መሣሪያው ከመንገድና ከቲያትር ቤት ወጥቶ በራሱ የሚደመጥ እንዲሆን ያደረገው በይበልጥ ሊዩ ቲያንኋ (1895–1932) ነው። ቫዮሊንን ተምሮ ነበር፤ ነገር ግን ያወቀውን ኤርሁን ለማሳደግ አዋለው እንጂ በቫዮሊን አልተካውም። በቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ በ1927 የአገሩን ሙዚቃ ለማሻሻል ማኅበር አቋቋመ፣ ለኤርሁ ብቻ 10 ድርሰቶችና 47 መለማመጃዎች ትቶ አለፈ። በነገራችን ላይ ታላቅ ወንድሙ ሊዩ ባንኖንግ የቋንቋ ተመራማሪ ነበር፤ የቻይንኛ ጽሕፈት ለ«እርሱ» እና ለ«እርሷ» አንድ ምልክት ብቻ ይጠቀም በነበረበት ጊዜ ለሴቷ የተለየ ምልክት በ1920 ያስፋፋው እርሱ ነው። ታናሹ የሕዝብ ሙዚቃ ሲሰበስብ በያዘው በሽታ በ37 ዓመቱ፣ ታላቁም ከሁለት ዓመት በኋላ የየአካባቢውን አነጋገር ሊያጠና ሄዶ በያዘው በሽታ ሞቱ። ቃል ወይም ዜማ ለመልቀም ወደ ገጠር የወጣ ሁሉ ይህን ሳያስብ ሊያልፍ አይችልም።

የሊዩ ቲያንኋ ድርሰቶች አርእስት ለተርጓሚ ወጥመድ የሞላባቸው ናቸው። አንዱን በጥሬው «መልካም ምሽት» ብንለው አንባቢ ሰላምታ ይመስለዋል። ዜማው የተደረሰው በ1928 በቻይና የዘመን መለወጫ ዋዜማ ስለ ሆነ «ያማረች የዋዜማ ሌሊት» ማለቱ ይሻላል። የመጀመሪያው ድርሰቱ «በሕመም ጊዜ…» ብሎ ይጀምርና የሚቀጥለው ቃል ግጥምን በዜማ ማንበብንም ማቃሰትንም ያመለክታል። በሌሎች ቋንቋዎች ብዙውን ጊዜ ማቃሰቱ ተመርጦ ደራሲው በአልጋ ላይ የወደቀ በሽተኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ሕመሙ ግን የሥጋ ሳይሆን መንገዱ የጠፋበት ወጣት የልብ ሕመም ነው። በዚህ ቦታ አማርኛ ከሌሎች የታደለ ነው፤ «እንጉርጉሮ» አለን። ማዜምንም፣ ኀዘንንም፣ ለራስ መናገርንም በአንድነት ይይዛል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ያለው ግን በዓለም ከታወቁት የኤርሁ ዜማዎች በቀደመው ላይ ነው። የዉሺ ከተማ ሰው የሆነውና አቢንግ በሚል ስም የሚታወቀው ኋ ያንጁን ከአባቱ የታኦ ቤተ መቅደስ ሙዚቃ ተምሮ፣ በኋላ ዐይኑ ጠፍቶ በየመንገዱ እየተጫወተ ይኖር ነበር። በ1950 የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪው ያንግ ዪንሊዩና ባልደረባቸው ትሳኦ አንኸ መቅረጫ ይዘው ወደ እርሱ ሄዱ፤ ሦስት የኤርሁና ሦስት የፒፓ ዜማዎች ቀረጹ። እርሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። ከሚያውቃቸው ብዙ ዜማዎች በድምፁ የቀሩልን እነዚያ ስድስቱ ብቻ ናቸው። ለአንደኛው የጸና ስም አልነበረውም። ስም እንዲኖረው ስላስፈለገ ከቀራጮቹ ጋር ሲነጋገሩ «ኤርችዌን ዪንግዩዌ» የሚለው ወጣለት ይባላል።

በዚህም ስም መጀመሪያ ላይ ያው «ኤር» አለ፤ ነገር ግን ሁለት ሳይሆን ሁለተኛ ማለት ነው። በዉሺ አጠገብ ያለው የሁዌይሻን ምንጭ ውሃው ለሻይ በማማሩ ከጥንት ጀምሮ «ከሰማይ በታች ሁለተኛዋ ምንጭ» ይባላል። ስለዚህ የዜማው ስም «በሁለተኛዋ ምንጭ ላይ ያረፈች የጨረቃ ጥላ» ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የሚተረጕም ሰው ግን «ምንጭ» እና «ጸደይ» በዚያ ቋንቋ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ «ሁለተኛው ጸደይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ዐይነ ስውሩ ሰው ጨረቃን በውሃ ላይ ያየበት ሥፍራ የዓመት ወቅት ሆኖ ይቀራል። አርእስትን ከሦስተኛ ቋንቋ መተርጐም የሚያደርሰውን ጥፋት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

በ1978 ጃፓናዊው የኦርኬስትራ መሪ ሴይጂ ኦዛዋ ይህን ዜማ በቤጂንግ ከወጣቷ ጂያንግ ጂየንኋ ሲሰማ ማልቀሱ በስፋት ይነገራል። በፊቱ የተቀመጠ የዝግጅት ወረቀት አልነበረም ማለት አንችልም፤ ቢኖርም ባይኖርም ጆሮው በቂ ነበር። ሁሉ አድማጭ ግን ኦዛዋ አይደለም። ይህችው ተጫዋች በ1987 «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» በተባለው ፊልም ኤርሁን ስታሰማ ድምፁን የሰሙት ሚሊዮኖች ናቸው፤ ስሙን ያወቁት ምን ያህሉ እንደ ሆኑ መገመት አያስቸግርም። በ1982 ሚን ህዌይፈን በመጀመሪያ የተጫወተችው የሊዩ ወንጂን ትልቅ ድርሰት ስለ ታላቁ ግንብ ነው። አርእስቱ በቻይንኛ «እንደ መጡ የተጻፉ ሐሳቦች» የሚል ትርጕም ሲኖረው፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች ግን የፈንጠዝያ ድርሰት በሚጠራበት ስም ተተክቷል። አድማጩ ፈንጠዝያ ሲጠብቅ ከባድ ትዝታ ይመጣበታል።

በቫዮሊኑ ስም ላይ ያለን ቅሬታ ሁለቱ መሣሪያዎች አይገናኙም ለማለት አይደለም። በ1959 በሻንጋይ የቀረበው «የቢራቢሮ ፍቅረኞች» የተባለው ድርሰት ለቫዮሊን የተጻፈ ቢሆንም የኤርሁን መንሸራተት ተውሷል፤ በኋላም ኤርሁ ራሱ መልሶ ተጫውቶታል። መዋዋስ በሁለት ስሞች መካከል ይቻላል። በአንድ ስም ግን ተዋሹና አዋሹ አይለዩም።

ስለ አፈታቱ አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። በመጀመሪያው ረቂቃችን ላይ «ፊቱ በዘንዶ ቆዳ የተለጠጠ» የሚለውን ከዋናው ፍች ውስጥ አግብተን ነበር። ይሁን እንጂ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቈጣጠረው በ1973 የተፈረመው ስምምነት ዘንዶዎችን ስለሚያጠቃልል፣ ሙዚቀኛው ኤርሁውን ይዞ ድንበር ሲሻገር ወረቀት ይጠየቃል። ቻይናም ከ2005 ጀምሮ ቆዳው በእርባታ ካደገ ዘንዶ የተገኘ ለመሆኑ የምስክር ወረቀት እንዲኖር ደንግጋለች። የሆንግ ኮንግ የቻይና ሙዚቃ ኦርኬስትራ ደግሞ በቆዳው ፈንታ ቀጭን የፕላስቲክ ገጽ ያላቸውን መሣሪያዎች ሠርቶ ከ2009 ጀምሮ ይጫወትባቸዋል። እነዚህን ኤርሁ አይደሉም የሚል ፍች ልንጽፍ አንችልም። ስለዚህ ቆዳው ከፍቹ ወጥቶ ወደ ማብራሪያው ተዛውሯል።

የክፍሎቹን ስም በተመለከተ ብዙ መቸገር አላስፈለገንም። ክሮቹን ከቆዳው ላይ የሚያነሣውን ትንሽ እንጨት ቻይናውያን «ፈረስ» ይሉታል፤ እኛ «በርኩማ» አለን፤ ራስ የሚደገፍበት ዕቃ ስም ወደ ሙዚቃ መሣሪያ የተሻገረበት የቈየ ቃል ነው። ጣት በክሩ ላይ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን የሚያርገበግብበትን ዘዴ እነርሱ ሊጥ ከሚታሽበት ግሥ ሰይመውታል፤ «ክር ማሸት» ብንለው ከአማርኛ ጠባይ አይወጣም።

ያስቸገረን ግሡ ነው። ክራር ይመታል፣ በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል። ቻይናውያንም መሣሪያዎቻቸውን የሚነፉ፣ የሚሳቡ፣ የሚቈነጠሩና የሚመቱ ብለው በግሥ ይከፍላሉ፤ ኤርሁ ከሚሳቡት ነው። ማሲንቆ «ይገዘገዛል» እንላለን፤ እንቅስቃሴውን በትክክል ይገልጻል፤ ዱልዱም ቢላዋንም ግን ያስታውሳል። ለጊዜው ለአጠቃላዩ «ተጫወተ»፣ ለደጋኑ ሥራ ብቻ «ሳበ» እና «ገፋ» የሚሉትን አስገብተናል። የተሻለ ግሥ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን በደስታ እንቀበላለን። ቃሉ በረቂቁ የሚከተለውን መልክ ይዟል።

ኤርሁ፤ ስም። (ከቻይንኛ፤ «ኤር» ሁለት፣ «ሁ» ከ«ሁቺን»።) ከሁቺን ቤተ ሰብ የሆነ፣ ረጅም ዘንግና በገጽ የተለጠጠ ትንሽ ሣጥን ያለው፣ ጭራው በሁለት ክሮች መካከል በሚያልፍ ደጋን እየተሳበና እየተገፋ የሚጮኽ፣ በጭን ላይ ቆሞ የሚያዝ የቻይና የሙዚቃ መሣሪያ። ማብራሪያ፦ ገጹ በተለምዶ የዘንዶ ቆዳ ነው፤ በሰው ሠራሽ ገጽም ይሠራል። አነጻጽር፦ ማሲንቆ። ደጋኑን ሳበ፤ ደጋኑን ገፋ፤ ክር አሸ።