ባሕር ሸሽና ጀርፍ

ገበሬ መሬትን በስም ይለያል። ለእርሱ «መሬት» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙም አያስረዳውም፤ ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር፣ ጾም አዳሪ ነው ወይስ የታረሰ ማሳ ብሎ ይጠይቃል። መቼ እንደሚዘራበትና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባው ከስሙ ይረዳልና።

በጣና ሐይቅ ዙሪያ «ባሕር ሸሽ» የሚባል የእርሻ መሬት አለ። በዚህ አነጋገር ባሕር ማለት ሐይቁ ነው። በክረምት ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻውን ይሸፍናል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ውኃው ወደ ኋላ ይሸሻል። ለቆት የሚሄደውም እርጥብ መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። ገበሬው ሌላ ዝናብ ሳይጠብቅ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያመርትበታል።

በካርቱም ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው በካላክላ አካባቢም እንዲህ ያለው መሬት በዐረብኛ «ጀርፍ» ይባላል። በነሐሴና በመስከረም ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ሲሞላ፣ ካርቱም ላይ የሚገናኘውን ነጭ ዓባይ ይገታዋል። በዚህም ምክንያት የነጭ ዓባይ ውኃ ከፍ ይልና ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። ሙላቱ ሲጎድል ጀርፉ ይገለጣል።

ባሕር ሸሽም ሆነ ጀርፍ ከመስኖ ይለያል። መስኖ ማለት ሰው በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳ የሚያመጣው ውኃ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1925 ከተጠናቀቀው ከሴናር ግድብ ውኃ የሚያገኘው የገዚራ እርሻ ነው። በጀርፍ ግን ውኃው በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ የገበሬው ድርሻ ጊዜውን ጠብቆ መዝራት ነው።

መሣሪያውም እንደዚሁ ይለያያል። በደጋ የሚያርስ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር አቀናጅቶ መሬቱን በማረሻ ይሰነጥቃል። በጀርፍ ላይ አፈሩ ቢገለበጥ እርጥበቱ በፀሐይ ይተናል። ስለዚህ የሱዳን ገበሬ «ሰሉካ» በተባለ፣ በእግር ተረግጦ መሬት በሚወጋ እንጨት ቀዳዳ ያበጃል፤ ዘሩንም ጨምሮ አፈር ይመልስበታል። አስቀድሞ የሚዘራው ውኃው ቀድሞ በለቀቀው ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ከዚያም የሚሸሸውን ውኃ እግር በእግር እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል። የዘገየ እንደሆነ ዘሩ በደረቅ አፈር ውስጥ ይቀራል።

የሙላቱም መጠን ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታየው ከልክ ሲያልፍ ቤትና ንብረት ያወድማል፤ ሲያንስ ደግሞ የጀርፉ ስፋት ይጠባል። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የጥቁር ዓባይን ውኃ ዓመቱን ሙሉ በተመጣጠነ ሁኔታ ለመልቀቅ ያስችላል። ይህም የጎርፍን አደጋ ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ በሙላት ለሚያርሰው ገበሬ መስኖ አስፈላጊ ይሆናል። እንግዲህ «ጀርፍ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ የወንዙ ጠባይ፣ የአዘራሩ ዘዴና የገበሬው ኑሮ ተጠቃለው ይገኛሉ።