የልጅ ልጄ አካሄዴን ስትስለው

የልጅ ልጄ ሥዕል ልማር ባለች ጊዜ ከተቃወሟት አንዷ እኔ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ከመጀመሪያው ደጋፊዋ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች፣ አባቷ ሒሳብ አያያዝ እንድታጠና አስቦላታል፣ እሷ ግን "አኒሜሽን ነው የምማረው" አለች። ልጄ እራቱን ትቶ ተነሣ። እኔም "ለመሆኑ ለዚህ የሚቀጥርሽ ማን ነው?" አልኳት። ልጆቼን ያሳደግኩት በነርስነት የወር ደመወዝ ነውና ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

በመጨረሻ ተስማማን። አንድ ዓመት በአንድ የግል ማሠልጠኛ ትማር፣ ዓመቱ ሲያልቅ የሠራችውን ለአባቷ ታሳይ፣ እሱ ካላመነበት ወደ ሒሳብ አያያዝ ትመለስ።

ኮምፒውተር ልትማር የሄደችው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ክርኗ ከሰል ተቀብታ መጣች። ኮምፒውተሩን ከመንካታቸው በፊት ለወራት ሰው ፊት ለፊት እያዩ በወረቀት ላይ መሳል ነበረባቸው። "ከሰልማ እቤትም አለ" አለ አባቷ፤ የከፈለው ገንዘብ እየቆጨው።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። አኒሜሽን ማለት በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ሥዕሎችን በፍጥነት አከታትሎ በማሳየት ዓይናችን እንቅስቃሴ እንዲያይ ማድረግ ነው። ሰው ሲራመድ ክብደቱን ወዴት እንደሚጥል ያላስተዋለ ሠዓሊ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚሠራው ሰው አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ዋልት ዲዝኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1932 ዶን ግራሃም የተባለ የሥዕል መምህር አስመጥቶ ሠራተኞቹ ሰው እያዩ እንዲስሉ አድርጓል። የስኖው ኋይት ፊልም የወጣው ከዚያ በኋላ በ1937 ነው።

ጎረቤቴ አንድ ቀን ቡና ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ራቁት ሰው ነው አሉ የሚስሉት" አለችኝ። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የልጅ ልጄ ክፍል ግን የሚቀመጡት ሰዎች ልብስ እንደለበሱ ነበር። ባይለብሱም እኔ አልደነግጥም ነበር፤ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ገላ ሳጥብና ቁስል ስጠርግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄው ካላችሁ ግን አትፈሩ፤ መምህሩን ፊት ለፊት ጠይቁት።

የንድፍ ደብተሮቿን በተራ አስቀምጬላታለሁ። የመጀመሪያው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ኪስ ከትተዋል። "ብርድ ነው እንዴ?" ብላት "እማዬ፣ እጅ መሳል ስለሚከብደኝ ነው" ብላ ሳቀች። ፊታቸው ግን እስከ ሽፋሽፍታቸው ተለቅሟል። መምህሯ ይህን ለማስተው ላጲሱን ቀማት። አንድ ሰው ሲቆም በ30 ሰከንድ፣ ሲበዛ በ2 ደቂቃ ጨርሺ ይላታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሽፋሽፍት አይደረስም። የሚያዘው ጀርባው እንዴት እንደጎበጠ፣ ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ እኔም ቀስ እያልኩ ገባሁበት። የእጅ አጥንት 27 እንደሆነ ነገርኳት፤ ጣቶቼን ይዛ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ቆጠረች። ሰው አንድ እግሩ ላይ ደገፍ ብሎ ሲቆም በዚያ በኩል ያለው ዳሌ ከፍ፣ ትከሻው ደግሞ ዝቅ እንደሚል አሳየኋት። ተነሥታ በመስታወት ራሷን አየችና ደብተሯን አነሣች። ነርስነት ስማር በቃሌ ያጠናሁት የሰውነት ክፍል ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሦስተኛው ደብተር ላይ እጆቹ ከኪስ ወጥተዋል። ጣቶቹ አሁንም እንደ ካሮት ናቸው፤ ቢሆንም ሲኒ ይይዛሉ።

ወደ ኮምፒውተሩ ስትሸጋገር ቀላል የሚሆንላት መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት የሠራችው አንዲት የምትነጥር ኳስ ነው። ኳሷ መሬት ስትነካ ጠፍጠፍ ትላለች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትዘገያለች፤ ይህን ያልቻለ ሰው ማስኬድ አይችልም ተባለች። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢጠቀሙበት እንኳ ለአሥር ሰከንድ 120 ሥዕል ያስፈልጋል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ያላስቀመጠችው የሁለት ቀን ሥራ ጠፋባት። አብሬያት አለቀስኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

መሣሪያውስ? ያገለገለ ኮምፒውተር ነው ያላት፤ የምትስልበትን ታብሌት እቁቤ ሲደርሰኝ ገዛሁላት። የምትሠራበት ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ያገኘው ፍሎው የተሰኘው የላትቪያ አኒሜሽን ፊልም የተሠራው በዚሁ ፕሮግራም መሆኑን ስትነግረኝ ደግሜ አስነገርኳት፤ ለአባቷ እንድነግረው። በጤና ባለሙያነቴ ግን አንድ ነገር አልተውኩላትም። በየ20 ደቂቃው ዓይኗን ከስክሪኑ አንሥታ ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ታያለች። እኛ ቤት ይህ ማለት የጎረቤት ጣሪያ ነው።

የዓመቱ ማጠቃለያ ሥራ የአንድ ሰው አረማመድ ነበር። ለሳምንታት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትስል አያታለሁ፤ የምትስለው እኔን መሆኑን አላወቅኩም። ከማድ ቤት ወደ በር፣ ከበር ወደ ማድ ቤት የምለውን ሁሉ ለቅማዋለች። አንድ ቀን ጠርታ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየችኝ። ነጠላ የለበሰች አሮጊት ትሄዳለች። ግራ እግሯን ረጋ ብላ ታሳርፋለች፣ ቀኙን ግን መሬት እንደነካ ቶሎ ታነሣዋለች።

"ይቺ የምታነክሰው ማን ናት?" አልኩ።

ዝም አለች። ከዚያ "አንቺ ነሽ እማዬ" አለች።

በሽተኛ በር ሲገባ ገና ከአረማመዱ የቱ ጋ እንዳመመው ለማወቅ የምሞክር ሰው ነበርኩ። ሰው የሚያመውን እግር መሬት ላይ ብዙ አያቆይም፤ ይህንን ለስንት ተማሪ ነርስ አሳይቻለሁ። የራሴን ቀኝ ጉልበት ግን ከዓመት በላይ "ብርድ ነው" እያልኩ ደብቄ ነበር። ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያሳየኝ የአንዲት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥዕል ነው። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። የጉልበቴ ልም አጥንት አልቋል። እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስና ከዘራ ታዘዘልኝ።

አባቷ ሥራዋን ያየው አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነገር ነው፤ አራት ጊዜ አስደገማት። ስለ አኒሜሽን ምንም አላለም። ወደ እኔ ዞሮ "እማ፣ ይህን ያህል ያምሻል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ በማግሥቱ ከፈለ። ሒሳብ አያያዙን ግን ጨርሶ አልተወውም፤ የማታ ትምህርት እንዳለ ሰሞኑን ሰምቻለሁ ይላል።

እሷ አሁን የተናደደችው በከዘራዬ ነው። ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ስለሆነ እኔ በግራዬ ይዤ ከቀኝ እግሬ ጋር አብሬ አሳርፈዋለሁ። ይህ ደግሞ ትከሻዬን፣ ዳሌዬን፣ ሁሉንም ለውጦባታል። ያን ሁሉ ሥዕል እንደ አዲስ ጀምራለች። እኔም ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ግቢው ላይ ስትወጣ፣ ከማድ ቤት እስከ በር እመላለስላታለሁ። "እማዬ ቀስ በይ፣ አላየሁትም" ትለኛለች፤ ተመልሼ እጀምራለሁ።