ከሊማሊሞ አፋፍ ወደ ሞተር ክፍል

ደባርቅ ውስጥ ልጁ ባሕር ኃይል የገባበት ወላጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባሕር ሳይኖረን ምን ባሕር ኃይል አለን?» ተብሎ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ መጨረሻ ምፅዋ ላይ ተቋቋመ፤ የኖርዌይ መኮንኖች አሠለጠኑት። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ያገኛትን መርከብ «ኢትዮጵያ» ብሎ ዋና መርከቡ አደረጋት። ምፅዋን በየካቲት 1982 አጣ፤ መስከረም 1989 ላይ የተረፉት መርከቦቹ ጂቡቲ ውስጥ ለጨረታ ቀረቡ። በ2010 እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ፤ መጋቢት 2011 ላይም ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈረመ። ለጠያቂ ይኼ ይበቃል።

እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ሁለተኛው ሥልጠና ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሰልፍ፣ ሩጫ፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም፣ መጨረሻ ላይ ምርቃት። ጠላው የሚጠመቀው፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሙያ ሥልጠና የሚያከብርለት የለም። ልጁን ባሕረኛ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

መርከብ ላይ ሙያ የሌለው ሰው ቦታ የለውም። አንዱ መሪውን ይይዛል፣ አንዱ ራዳር ላይ ያፈጣል፣ ሌላው ሬዲዮ ያነጋግራል፣ ሌላው መድፉን ይንከባከባል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ጠላቂ፣ ወጥ ቤት፣ ሐኪም ረዳት አለ። ምደባው የልጁን ምኞት ብቻ አይከተልም፤ የፈተና ውጤቱ፣ ዓይኑና ጆሮው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የክፍሉ ፍላጎት ይወስነዋል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ልጅ ለምሳሌ የሌሊት ጥበቃ ላይ አይቆምም፤ መርከቦች በጨለማ አቅጣጫቸውን የሚያሳውቁት በእነዚህ ሁለት መብራቶች ነውና፤ ቀዩ በግራ፣ አረንጓዴው በቀኝ።

የእኔው ልጅ «አባባ፣ ሞተር ክፍል ተመደብሁ» ሲለኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ቅር አለኝ። መድረክ ላይ ቆሞ ባሕሩን የሚያይ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ከዚያ የተሻለ ሙያ ያለ አይመስለኝም። ሞተር ክፍል ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከውሃው ወለል በታች ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ጩኸቱ ጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ አያስቆምም፤ ሰው የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው። ጥበቃው በተለመደው አሠራር 4 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት ሆኖ ሌትና ቀን ይዞራል። ሠልጣኙ የዘይቱን ግፊት፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ፣ የነዳጁን ማጣሪያ በየሰዓቱ አይቶ ይመዘግባል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ብርድ ላይ ያደገን ልጅ ከሥራው ይልቅ ሙቀቱ ይከብደዋል፤ ሰውነቱ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል።

ሙያው ምንም ይሁን ምን፣ እሳት ማጥፋትንና ቀዳዳ መድፈንን ሁሉም ይማራል። ከውሃው ወለል 3 ሜትር ዝቅ ብሎ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በደቂቃ ከ2,000 ሊትር በላይ ውሃ ያስገባል። ይህን የሚያቆመው ደግሞ የእንጨት ሽብልቅ ነው፤ ዳባት ያለ አናጢ የመጥረቢያ እጀታ የሚያጠብቅበት ዓይነት። ሽብልቁ ለስላሳ እንጨት መሆን አለበት፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳውን ይይዛል። ጨርቅ ተጠቅልሎበት በመዶሻ ይመታል፣ የተረፈው ክፍተት በትናንሽ ሽብልቆች ይሞላል፣ ከኋላው ግንድ ይደገፋል። ሠልጣኞች ይህን የሚለማመዱት ውሃ በሚያንዠቀዥቅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመው ነው፤ እጃቸው እስኪደነዝዝ።

እናቶች የሚፈሩት ግን የውሃ ዋናን ነው። በእኛ አገር ወንዙ ቀዝቃዛ፣ ገደሉ ጥልቅ ስለሆነ ከልጆቻችን ዋና የሚችለው ጥቂቱ ነው። ዋና ከባዶ ይማሩታል፤ ከርቀቱ በፊት በልብስ ተንሳፍፎ መቆየት ይቀድማል። አለመቻሉን ደብቆ የሚሄድ ልጅ ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው። ልጆቻችሁን በግልጽ እንዲናገሩ ምከሯቸው።

የልጃችሁ ስልክም አንዳንዴ ይጠፋል። የት እንዳለ አትጠይቁት፤ ቢነግራችሁም ሰፈር አታውሩት። «ምን ተማርህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ስለ ፓምፕና ስለ ቫልቭ ሲያስረዳኝ ድምፁ ከሰልፍ ዘመኑ ይልቅ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ውትድርናው ሲያበቃ ንግድ መርከብ ላይ መቀጠር የሚፈልግ አለ። የንግድ መርከበኞችን ሥልጠና የሚወስነው የ1978ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት የጦር መርከብ ላይ የሚያገለግሉትን አይመለከትም፤ ስለዚህ የባሕር ኃይል ሥልጠና ብቻውን ያንን ምስክር ወረቀት አይተካም። ሲቀጥር ግን የትኛው ሞተር ላይ፣ ስንት ወር፣ በምን ደረጃ እንደሠራ የሚጠይቅ አለ። ልጃችሁ በሚፈቀድለት መጠን የኮርስ ማስረጃውን ቅጂ እንዲይዝ፣ አንዱንም ቤት እንዲያስቀምጥ ከአሁኑ ንገሩት።